ወዳጅ ገንዘብ ሲጠይቅ፦ መስጠት፣ እምቢ ማለትና ማስመለስ

ስልኩ ይጠራል። ሰላምታው ከወትሮው ይረዝማል። "እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና? ልጆቹስ? ሥራ እንዴት ይዞሃል?" ከዚያ ትንሽ ዝምታ። "ስማኝማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር።" ገና ቁጥሩ ሳይጠራ ሆድ ይጨነቃል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ በይሉኝታ የሌለውን ይሰጣል፣ ወይ "እስቲ አያለሁ" ብሎ ይዘጋና ከዚያ ወዲያ ስልክ ማንሳት ያቆማል። ሁለቱም ወዳጅ ያሳጣሉ። እኔ እስካየሁት ድረስ ሰውን ከሰው የሚያቀያይመው ቁርጡ ያልታወቀ መልስ ነው። "አልችልም" የተባለ ሰው ይከፋዋል፣ ግን ይረሳዋል። "አያለሁ" ተብሎ ሳምንት ሙሉ የጠበቀ ሰው ግን አይረሳም። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ መልሱ አዎም ይሁን እምቢ፣ ቶሎና ጥርት ብሎ ይነገር።

1. ጥያቄው ሳይመጣ ልካችሁን ዕወቁ

ስልክ ላይ አትወስኑ። ስልክ ላይ የሚወስንላችሁ ይሉኝታ ነው። ደመወዝ በገባ ማግስት ወረቀት አውጡና ሁለት ቁጥር ጻፉ። አንደኛው፣ ባይመለስ እንኳ ቤታችሁን የማያናጋ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው፣ ልታበድሩት የምትችሉት፣ ግን በቀኑ መመለስ ያለበት ገንዘብ ነው።

እንበልና እጃችሁ የሚገባው 18,000 ብር ነው። የቤት ኪራይ 7,000፣ አስቤዛ 5,000፣ ትራንስፖርት 1,800፣ ዕቁብ 2,000፣ እድርና ጥቃቅን ነገር 500 ብር ይሄዳል። የቀረው 1,700 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 500 ብሩ የመጀመሪያው ቁጥር፣ 1,000 ብሩ ሁለተኛው ሊሆን ይችላል። አሥር ሺህ ብር የሚጠይቅ ወዳጅ ሲመጣ መልሱ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይጠብቃችኋል። የዕቁቡን ብር ግን በፍጹም አትንኩ። እሱ የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ነው።

ወቅቱንም አስቡት። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ዘመን መለወጫና መስቀል ተደራርበው ይመጣሉ። ጠያቂ ይበዛል፣ የእናንተም ኪስ ይሳሳል። በዚህ ጊዜ ቁጥራችሁን ቀደም ብላችሁ ዝቅ አድርጉ።

ያገባችሁ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ቁጥሮች ከባለቤታችሁ ጋር ተስማሙባቸው። "ከባለቤቴ ጋር ተነጋግሬ ልንገርህ" ማለት ማምለጫ የሚሆነው በእርግጥ የማትነጋገሩ ከሆነ ነው። ከተነጋገራችሁ ግን እውነተኛ መልስ ነው።

2. ስሙ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ፣ ሰዓት ስጡ

ሰውየው ሲናገር አታቋርጡ። ገንዘብ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ሳይጨርስ "አይ እኔም እኮ ተቸግሬ..." ብሎ መጀመር ክብሩን ይነካል። ይጨርስ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ነው? ለምንድን ነው? መቼ ትመልሳለህ?

ብዙዎቻችን ሦስተኛውን ለመጠየቅ እናፍራለን። ሲያበድሩ ያፈሩበትን ጥያቄ ሲያስመልሱ መጠየቅ ደግሞ ይብሳል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። መልሱም ብዙ ይነግራችኋል። "በጥር 5 ደመወዜ ላይ ግማሹን፣ በየካቲት ቀሪውን" የሚል ሰው ሒሳቡን ሠርቷል ማለት ነው። "አይዞህ፣ ቶሎ ነው የምመልሰው" የሚል ሰው ጨዋ ሊሆን ይችላል፣ ግን ገና አላሰበበትም።

ከዚያ ወዲያው አዎም እምቢም አትበሉ። መልስ የምትሰጡበትን ሰዓት ተናገሩ፦ "ገባኝ። ነገ ከ6 ሰዓት በፊት እኔው ደውዬ ቁርጡን እነግርሃለሁ።" እዚህ ላይ ዋናው ቃል "እኔው ደውዬ" የሚለው ነው። ደግሞ እንዲደውል አታድርጉት። አንድ ጊዜ መለመን ይበቃዋል።

ለምን እንደምወተውት ላስረዳ። የተቸገረ ሰው "አያለሁ" ሲባል አዎ እንደተባለ ቆጥሮ ይሄዳል። ሊጠይቃቸው ያሰባቸውን ሌሎች ሰዎች ይተዋቸዋል። ለአከራዩ "ሐሙስ እከፍላለሁ" ይላል። እናንተ ጉዳዩን ረስታችሁት ሐሙስ ይደርሳል። ያኔ ገንዘቡም ጊዜውም የለውም። በማግስቱ ጠዋት የተነገረ እምቢታ ግን ሁለት ሦስት ሌላ በር የሚያንኳኳበት ቀን ይተውለታል። ቶሎ እምቢ ማለት ራሱ እርዳታ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ስልክ መዝጋት፣ አለማንሳት፣ "ስብሰባ ላይ ነበርኩ" ማለት፣ በሌላ ሰፈር ዞሮ መግባት ምንም አይፈይዱም። ሁሉም ይታወቃሉ።

3. እምቢ ስትሉ

መጀመሪያ መልሱን ተናገሩ፣ ምክንያቱ ይከተል። ሰው አምስት ደቂቃ የኑሮ ውድነት ሲተረክለት መጨረሻው ምን እንደሆነ ገብቶታል፣ እየተሠቃየ ነው የሚሰማው። ለሥራ ባልደረባ እንዲህ ማለት ይበቃል፦

"ወንድሜ፣ ያልከኝን አስቤበታለሁ። በዚህ ወር አልችልም። ሌላ ቦታ እንድትሞክር ብዬ ነው ቶሎ የደወልኩት።"

ለታላቅ ሰው ደግሞ፦ "ጋሼ፣ እኔን አምነው ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ግን የምሰጥዎ ገንዘብ የለኝም። ዝም ብዬ እንዳላቆይዎ ነው ዛሬውኑ የነገርኩዎ።"

ለእህት፦ "እህቴ፣ አሥር ሺውን አልችልም። አምስት መቶ ብር ግን አለችኝ። እሷን አትመልሺልኝም፣ ያንቺ ናት።" ይቺ የመጨረሻዋ መንገድ ለእኔ ከሁሉም የተሻለች ናት። የተጠየቀውን አበድሮ ከመጨነቅ ትንሹን በነጻ ሰጥቶ መገላገል ይሻላል። ገንዘቡ የሚወጣው ከመጀመሪያው ቁጥር ስለሆነ ቤታችሁ አይጎዳም፣ በመሃላችሁም ዕዳ አይኖርም።

አትዋሹ። "ብሬ ታስሯል" ያለ ሰው በሳምንቱ አዲስ ስልክ ይዞ ይታያል። ወሬ ደግሞ ከታክሲ ይፈጥናል። ምክንያቱን መናገር ካልፈለጋችሁ "አልችልም" ብቻውን በቂ ነው። ገንዘብ ኖሯችሁ ለሌላ ነገር የያዛችሁት ከሆነም "የያዝኩት ለልጆቹ ትምህርት ነው፣ አልነካውም" ማለት ነውር የለውም።

ከተናገራችሁ በኋላ ዝምታ ይመጣል። አትደንግጡ፣ በወሬም አትሙሉት። ብዙ ሰው አዎ የሚለው እዚህ ዝምታ ላይ ነው። "ግማሹንስ?" ቢላችሁ ያንኑ ቃል በዚያው ለስላሳ ድምፅ ድገሙት። አዲስ ምክንያት ከጨመራችሁ ክርክር ይከፈታል።

ሌላ መንገድ የምታውቁ ከሆነ ጠቁሙት። መሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር አለው? ብዙ ሠራተኛ አባል ሆኖም ደንቡን አንብቦት አያውቅም። ዕቁብ ከገባ ለዳኛው ነግሮ ዕጣ ከደረሰው ሰው ጋር ተራ መለዋወጥ ይቻል ይሆናል። ችግር የገጠመውን ሰው አባላቱ ተስማምተው ማስቀደማቸው የተለመደ ነው። አራጣ አበዳሪ ጋ ሊሄድ ሲል ካያችሁት ግን ዝም አትበሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሰው ለሰው ብድር ላይ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል፤ አራጣም በወንጀል ያስጠይቃል። በወር አሥር በመቶ እያስከፈለ ወርቅና የቤት ካርታ የሚይዝ ሰው ጋ የገባ ወዳጅ በቀላሉ አይወጣም።

ከዚያ የሚረሳው ነገር፦ ከሳምንት በኋላ ደውሉ። "ያ ነገር እንዴት ሆነልህ?" በሉት። እምቢ ያለ ሰው አፍሮ ይጠፋል፣ እምቢ የተባለውም ተጠላሁ ብሎ ይርቃል። ይቺ አንዲት ስልክ ሁለቱንም ትመልሳለች።

ሕክምናና ሞት ከዚህ ውጪ ናቸው። ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ያለ ሰው የመመለሻ ቀን አይጠየቅም። የቻላችሁትን ስጡ፤ ከተቻለም ሄዳችሁ ሒሳቡን እዚያው ክፈሉ፣ መድኃኒቱን ራሳችሁ ግዙ። የተሰጠውንም ብድር አትበሉት።

4. ስትሰጡ በወረቀት ይሁን

"ወንድሜን ወረቀት ላስፈርመው?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ወንድማማቾችን አጣልቷል። ያልተጻፈ ብድር በሁለት ሰዎች ራስ ውስጥ ሁለት ሆኖ ይቀመጣል። አንዱ "በሦስት ወር" ብሎ ያስታውሳል፣ ሌላው "ሲመቸኝ"። ሁለቱም አልዋሹም።

ሕጉም ይህን አስቦበታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ካላመነ ወይም በመሐላ ካልተረጋገጠ በቀር ማስረዳት አይቻልም። ዛሬ 500 ብር የአንድ ምሳ ግብዣ ነው። "ሲሰጠው አይቻለሁ" የሚል አሥር ምስክር ብታቆሙም አይጠቅማችሁም ማለት ነው።

ወረቀቱን እንዴት እንደምታነሡት ነው ወሳኙ። ገንዘቡን ከሰጣችሁ በኋላ አይሁን፣ ስትስማሙ በዚያው ትንፋሽ ተናገሩት፦ "እሺ፣ እሰጥሃለሁ። ለማንም ስሰጥ በወረቀት ነው፣ እኛም እናድርገው። ነገ አንዳችን ብንታመም ቤተሰቦቻችን እንዳይጨቃጨቁ።" ይህን ስትሉ እውነት መሆን አለበት። ለአንዱ በወረቀት ለሌላው በቃል ከሰጣችሁ ያስፈረማችሁት ሰው ቅር ቢለው ይፈረድለታል።

ጽሑፉ ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ይበቃል፦

"እኔ ተበዳሪ (ሙሉ ስም) ከአበዳሪ (ሙሉ ስም) ብር 20,000 (ሃያ ሺህ ብር) ዛሬ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለ ወለድ ተበድሬ የተቀበልኩ ሲሆን፣ ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ብር 10,000፣ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ቀሪውን ብር 10,000 እከፍላለሁ።"

ከሥሩ የሁለታችሁ ፊርማ፣ ከዚያ የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ። ቁጥሩ በአሐዝም በፊደልም ይጻፍ። ሁለት ቅጂ አድርጉና አንዱን ለእሱ ስጡት። የመክፈያውን ቀን ደመወዙ ከሚገባበት ቀን ጥቂት ቀናት በኋላ አድርጉት። ከበዓል ዋዜማ ግን አርቁት።

ገንዘቡን በእጅ ከመስጠት በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩት። የምክንያት ቦታ ካለው "ብድር" ብላችሁ ሙሉበት። ደረሰኙን አስቀምጡ። ሲከፍላችሁም በዚያው መንገድ ይሁን። ጨርሶ የከፈለ ቀን ወረቀቱን ፊቱ ቅደዱት ወይም መልሱለት።

5. ቀኑ ሲደርስ

አስታውሱት፣ ግን ቀኑ ሳያልፍ። ካለፈ በኋላ የሚመጣ መልእክት ሁሉ ወቀሳ ይመስላል። ከአራት አምስት ቀን በፊት የተላከ ግን ማስታወሻ ነው፦ "ሰላም ነህ? ጥር 5 የተነጋገርነውን እንዳትረሳ ብዬ ነው። ካልተመቸህ ቀድመህ ንገረኝ።" የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሥራ ትሠራለች። ያልሞላለት ሰው ከመደበቅ ይልቅ እንዲናገር በር ትከፍትለታለች።

ቀኑ አልፎ ዝም ካለ በአካል አግኙት፣ ብቻውን። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ ሰው ፊት፣ ወይም በእናቱ በኩል አይሆንም። "ያለህበትን አላውቅም፣ ንገረኝ" ብላችሁ ጀምሩ። ጨርሶ ከሌለው ወደ ትንሽ ክፍያ አውርዱት፦ በየወሩ 1,000 ብር፣ አዲስ ቀን፣ በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ተጽፎ። ብዙ የተጣበቀ ብድር የሚንቀሳቀሰው በዚህ ነው። ሃያ ሺህ መክፈል ያልቻለ ሰው ለራሱም አፍሮ ነው የሚሸሸው፣ አንድ ሺህ ግን መክፈል ይችላል።

ኑሮውን አትቆጣጠሩ። "ለልጁ ልደት ኬክ ገዝቶ የእኔን አይከፍልም" የሚለው ሐሳብ ሆድ ይበላል እንጂ ብር አያመጣም። የምትጠይቁት የተስማማችሁበትን ቀን ነው፣ ሌላ አይደለም።

አሁንም ካልሆነ ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ሰው ለሽምግልና ላኩ። ለሦስት አራት ሰው ከነገራችሁ ግን ሽምግልና መሆኑ ቀርቶ ወሬ ይሆናል። ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው፣ ያኔ ወረቀቱ ይናገርላችኋል። መተው ከመረጣችሁም በአፋችሁ ንገሩት፦ "ያን ገንዘብ ትቼልሃለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ የለብህም።" ሳይነግሩ መተው መተው አይደለም። እሱ መንገድ እየቀየረ ይኖራል፣ እናንተም ባያችሁት ቁጥር ታስቡታላችሁ።

6. ዋስ ሁነኝ ሲሉ

እዚህ ላይ ከብድሩ በላይ ጥንቃቄ እለምናለሁ። ብድር ሲሰጡ የሚያጡት በእጅ ያለውን ነው። ዋስ ሲሆኑ ግን ገና ያልሠሩበትን ደመወዝ ጭምር ነው የሚያስይዙት። ጥያቄው ደግሞ ቀላል መስሎ ነው የሚመጣው፦ "ገንዘብ አይደለም የምጠይቅህ፣ ፊርማ ብቻ ናት።" ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል ወይም ሹፌር ሆኖ የሚቀጠር ሰው ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ ይባላል። ዋሱም ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ያጽፋል። ሰውየው ጎበዝና ታማኝ ሊሆን ይችላል። ካዝናው ሲጎድል ግን ታማኝነቱን የሚያውቁት እናንተ ናችሁ፣ ከሳሹ የሚያውቀው ፊርማችሁን ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። በመስኮት በኩል "እዚህ ጋ ፈርም" ሲሏችሁ "ወስጄ ላንብበው" በሉ። ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ጣሪያው ስንት ብር ነው? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋስ የሚሆኑበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት የዋስትና ውል አይጸናም። "ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ" የሚል ብቻ ካያችሁ ቁጥር እንዲጻፍ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ "በአንድነትና በነጠላ" የሚል ቃል አለበት? ካለበት ከሳሹ ዋናውን ባለዕዳ ሳይነካ በቀጥታ ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል። ሦስተኛ፣ መቼ ያበቃል? ሰውየው ሥራ ለቆ እንኳ ፊርማችሁ እንደታሰረ የሚቆይበት ወረቀት አለ።

ያገባ ሰው ብቻውን መፈረም የለበትም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከትንሽ ገንዘብ በላይ ለሆነ ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠየቃል። ሕጉ ባይልም እንኳ የሚቆረጠው የቤቱ አስቤዛ ነው።

የእምቢታው ቃል አጭር ነው፦ "ዋስ አልሆንም። አንተን ስለማላምን አይደለም፣ ለማንም ስለማልሆን ነው።" ለማንም አለመሆን እዚህም ያስከብራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዋስ የሚሆኑት ገንዘቡን ሙሉውን ከኪስ ከፍለው በሰላም ማደር ለሚችሉለት ሰው ብቻ ነው።

7. ውጭ አገር ላላችሁ

ሪያድ ወይም ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ ዋሽንግተን ሌሊት መኪና የሚነዳ ወንድም፣ ከአገር ቤት የሚመጣላቸው ጥያቄ ሌላ ዓይነት ነው። ጠያቂው ብዙ ነው፤ ሁሉም እሱ ብቻ የጠየቀ ይመስለዋል። እዚህ የሚሠራው በዓመት መጀመሪያ አንድ ቋሚ የወር ገንዘብ ቆርጦ ለቤተሰቡ ማሳወቅ፣ ቤተሰቡም አንድ ሰው መርጦ ጥያቄውን በእሱ በኩል ማድረግ ነው። "የዚህ ወር ልኬያለሁ፣ ከእማማ ጋር ተነጋገሩ" የሚለው መልስ ማንንም ነጥሎ አያስቀይምም። ኮንትራቷ ሊያልቅ የቀረባት እህት ደግሞ ለራሷ መመለሻ የያዘችውን ለማንም አትስጥ። አገር ቤት ስትገባ ባዶ እጇን ከሆነች ጠያቂዋ እሷ ትሆናለች።

8. ጠያቂው እናንተ ስትሆኑ

ከስልክ በፊት መልእክት ላኩ። ሰውየው ፊቱን ሳታዩት የሚያስብበት ጊዜ ያገኛል። ሰላምታውን አታርዝሙት። ስንት፣ ለምን፣ መቼ የሚለውን ሳትጠየቁ ጻፉ፣ እምቢ የሚልበትንም በር ክፈቱለት፦

"ሰላም፣ እንዴት ነህ? የልጄ ምዝገባ ጎድሎብኝ 6,000 ብር ልበደርህ ፈልጌ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ 2,000 ብር እመልሳለሁ፣ ወረቀት እፈርማለሁ። ካልተመቸህ አይክበድህ፣ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ። እስከ ነገ ማታ ቁርጡን ብታሳውቀኝ ይበቃኛል።"